ድንኳኑ ስንት አስወጣን?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የንብረት ክፍላችን ተጠሪ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ለመጪው ገና ሁለተኛ ያገለገለ ድንኳን እንግዛ ወይስ ይቅር በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። አስቀድሜ ግን የመጀመሪያውን ድንኳን ነገር ልንገራችሁ። ያን ጊዜ "ይገዛ" ብዬ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱን መናገር ያለብኝም እኔው ነኝ።

ሐሳባችን መልካም ነበር። ለታኅሣሥ 29 ምእመናን ከየአገሩ ወደ ላሊበላ ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ ለቀናት በእግራቸው ተጉዘው ነው የሚደርሱት። እግራቸውን አጥበን እንቀበላቸዋለን፤ ማደሪያው ግን ለሁሉም አይበቃም። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷን ታውቁታላችሁ። ከገና ውጭ ደግሞ ድንኳኑን ለሠርግና ለተዝካር እናከራየዋለን አልን። በኮቪድና በጦርነቱ የቱሪስት ገቢ ስለተቋረጠ ከአገሬው ሰው የሚገኝ ገቢ ያስፈልገን ነበር።

ሻጩ ድንኳኑን ያሳየን አጥፎ በገመድ አስሮ ነው። ዋጋው የአዲሱ ግማሽ ስለነበር ሳናስዘረጋው ከፈልን። አምጥተን ስንተክለው ጣሪያውን ፀሐይ በልቶታል፤ በጣት ሲጫኑት ይቀደዳል። ሁለት ቋሚ ብረቶች የሉም፤ ካስማውም ጎዶሎ ነው። እርጥብ እንደሆነ ታጥፎ በመክረሙ ሻግቷል። በዚያው ገና ሕፃን የያዘች እናት ጥግ ላይ አስተኝተን ሳለ፣ ሌሊት ነፋሱ ስፌቱን ከፈተው። ጋቢ ደራርበን ቀዳዳውን በእጃችን ይዘን አነጋን። ያን ሌሊት አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ወጪውን በደብተር እጽፋለሁ። የተገዛበት ዋጋ አንድ መስመር ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ገጹን ሞልቶታል፦ የጭነት መኪና፣ የሸራ ሰፊ፣ የብረት በያጅ፣ ገመድና ካስማ፣ ለሚተክሉና ለሚነቅሉ ልጆች የቀን ዋጋ፣ የዘበኛ፣ የማስቀመጫ ቤት ኪራይ። ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበቱና አይጡ አለ።

አንድ ወጪ ግን እኔም ሳልጽፈው ቆይቻለሁ፤ እርጅናውን። ለምሳሌ አንድ ድንኳን በ60,000 ብር ተገዝቶ 5 ዓመት ቢያገለግል በየዓመቱ 12,000 ብር ያረጃል። በዓመት 20 ጊዜ ቢወጣ፣ በወጣ ቁጥር 600 ብር አለቀ ማለት ነው። ይህን ሳንቀንስ ኪራዩን ሁሉ "ትርፍ" ብለን ከተከፋፈልነው፣ የተከፋፈልነው ድንኳኑን ራሱን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የለቅሶው ነው። ሐዘን የደረሰባትን እኅታችንን "ኪራይ ክፈይ" የምንልበት አፍ የለንም፤ እንዲኖረንም አልፈልግም። ነገር ግን ሸራው በለቅሶም ቢሆን ያረጃል። ስለዚህ ለእርሷ ነጻ ይሁን፤ የእርጅናውን ግን ሁላችን በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጥተን ለድንኳኑ ሣጥን እንክፈል።

የምንማርበት ነገር እዚሁ በዓይናችን ፊት አለ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ አማኑኤልን ጨምሮ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የቆሙት መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ነበሩ። ጊዜው ሲረዝም ቅርሱን እንዳይጎዱ ራሳቸው ስጋት ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. ሕዝባችን ይነሡልን ብሎ ሰልፍ ወጣ። መጠለያ ለማቆም ገንዘብ ሲገኝ፣ ለመጠበቂያውና ለማንሻውም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሁለተኛውን ከመግዛታችን በፊት የማስቀመጫ ቤት ይኑረን፤ ሸራው ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። የእርጅናው ገንዘብ ከእያንዳንዱ ኪራይ ወዲያው ተነሥቶ ለብቻው ይቀመጥ። ለግዢ የሚሄዱት ሦስት ሴቶች ይሁኑ፤ ድንኳኑን አስተክለው፣ ውስጡ ገብተው ወደ ፀሐይ ይዩት፤ ስፌቱን ይሳቡት፤ ያሽትቱት፤ ብረቱንና ካስማውን ይቁጠሩ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። ዝናብ የነካው ድንኳን ደግሞ ሳይደርቅ አይታጠፍ።

ለምትረዱን ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ድንኳን መስጠት ደስ ያሰኛል፤ ፎቶም ያምርበታል። ለሸራ ሰፊ የሚከፈል ገንዘብ ግን ፎቶ የለውም። እባካችሁ እርሱንም አስቡልን።

እኔ ዛሬ እጄን አላወጣም። ሣጥኑና ማስቀመጫው ተዘጋጅተው፣ ድንኳኑም ተዘርግቶ ካየሁት፣ ያን ጊዜ እንደ በፊቱ ቀድሜ አወጣለሁ።