ልጃችን ስለ ራሱ ሲጽፍ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ከሚንበር ላይ ብዙም የማይሰማ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ ይዘውት ይመጣሉ፤ ከአገር ቤት ሆነው ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክቱ ወጣቶችም ይጠይቁታል። ኮሌጁ «ስለ ራስህ ጻፍ» ይላል። ልጁ ምን ይጻፍ? መልካም ሥራውን ቢናገር ሪያእ አይሆንበትም ወይ? የቤቱን ችግር ቢዘረዝርስ ገመና ማውጣት አይደለም ወይ?

በአገራችን ልማድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የፈተና ውጤት ነው። ውጤቱ መጣ፣ ተመደበ፣ አለቀ። በአሜሪካ ግን ፉክክር የሚበዛባቸው ኮሌጆች ጥሩ ውጤት ያለው አመልካች ከወንበሩ ቁጥር ስለሚበልጥባቸው ሌላ መለያ ይፈልጋሉ። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕሊኬሽን የተባለው የጋራ ማመልከቻ ከ250 እስከ 650 ቃላት የሚደርስ አንድ ጽሑፍ ይጠይቃል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስምንት ጥያቄዎች አቅርቦ አራቱን ምረጡ፣ ለእያንዳንዱ ከ350 ቃላት አትለፉ ይላል። አንባቢው ልጁን አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው በነዚያ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ሪያው ጥያቄ እንምጣ። በኛ ቤት «እኔ እንዲህ ነኝ» ማለት ነውር ነው። ልጆቻችን በዚህ አደብ ስላደጉ ጽሑፉ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይታሰራል። ነገር ግን በሱረቱ ዩሱፍ 55ኛው አንቀጽ ላይ ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ንጉሡን በአገሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾማቸው ሲጠይቁ፣ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል። ኢብኑ ከሢርን የመሰሉ የተፍሲር ዑለሞች ከዚህ በመነሳት፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ለሚያስፈልግ ጉዳይ ያለውን ችሎታ መናገር እንደሚፈቀድለት ጠቅሰዋል። ደግሞ ልብ በሉ፤ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ስለ መልካቸው አልተናገሩም፣ የነቢይ ልጅ ነኝም አላሉም። የተናገሩት ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁለት ነገር ነው። ልጁም እንዲህ ያድርግ፤ ኒያውን ያስተካክል፣ ለተጠየቀው ይመልስ፣ ከዚያ አይለፍ።

ከዚህ የሚቀርበን ሌላ ምሳሌ አለን፤ የተፈጸመውም በገዛ አገራችን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዐስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን የቆዳ ስጦታ አስይዘው ላኩባቸው። ስደተኞቹ ነጃሺ ፊት ቀረቡ። የዚያን ጊዜ በቦታው የነበሩት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ንግግራቸውን የጀመሩት በደላቸውን በማልቀስ አልነበረም። ቀድሞ ምን እንደነበሩ ተናገሩ፤ ጣዖት የሚያመልኩ፣ በክት የሚበሉ፣ ዝምድና የሚቆርጡ፣ ብርቱው ደካማውን የሚበላባቸው ሕዝቦች ነበሩ። ቀጥለው ምን እንደለወጣቸው ነገሩት። ከዚያም ለምን ወደሱ አገር እንደመጡና በሱ ዘንድ እንደማይበደሉ ተስፋ ማድረጋቸውን ገለጹ። ንጉሡ ማስረጃ ሲጠይቃቸው ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ አነበቡለት።

የኮሌጅ አንባቢ የሚፈልገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ምን ነበርክ፣ ምን ለወጠህ፣ ለምን እኛን መረጥክ፣ ማስረጃህስ? ብዙ ኮሌጆች «ለምን እኛን?» የሚለውን ጥያቄ ለብቻው ይጠይቃሉ። «ኮሌጃችሁ ታዋቂ ስለሆነ» የሚል መልስ ለመቶ ኮሌጅ ሊላክ ይችላል፤ ስለዚህ መልስ አይደለም።

በማግስቱ ደግሞ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) አንስቶ ንጉሡን ሊያስቆጣባቸው ሞከረ። ሰሓባዎቹ ተመካክረው፣ የመጣው ይምጣ እንጂ አላህ ያለውንና ነቢዩ ያስተማሯቸውን ከመናገር ሌላ እንደማይሉ ወሰኑ። ይህን የማነሳው «ሙስሊም መሆኔን ልደብቅ ወይ?» ብለው ለሚጠይቁኝ ልጆች ነው። ጽሑፉ ስለ ሌላ ጉዳይ ከሆነ ዲኑን በግድ ማስገባት አያስፈልግም። የልጁ ታሪክ መስጂድ ውስጥ ከሆነ ግን መስጂዱን ቆርጦ አውጥቶ «የማኅበረሰብ ማዕከል» እያለ ቢሸፋፍነው ጽሑፉ ነፍስ አይኖረውም።

አንዲት ተማሪ ረቂቋን ይዛ መጣች እንበል። «ኢስላም የሰላም ሃይማኖት ነው» ብላ ትጀምራለች። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስለሷ ምንም አይነግረንም። ይህቺው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን አሊፍ ባእ ታስተምራለች። ከሕፃናቱ አንዱ ዐይንን ከሐምዛ መለየት አቅቶት ሲያለቅስ፣ እጁን ጉሮሮው ላይ አስይዛ እስኪለየው ድረስ ሳምንታት ደክማለች። ይህን ብትጽፍ ትዕግሥቷን፣ ብልሃቷን፣ ዲኗንም አንባቢው ራሱ ያያል። «ታጋሽ ነኝ» ማለት አያስፈልጋትም።

ብዙ ወላጆች የማያውቁት አንድ ነገር ላንሳ። ኮመን አፕሊኬሽን እስከ አሥር የሚደርሱ ተግባራት የሚመዘገቡበት ክፍል አለው፤ ከምርጫዎቹም አንዱ የቤተሰብ ኃላፊነት ነው። እናቱ የሌሊት ፈረቃ ስትሠራ ታናናሾቹን የሚያበላ፣ አያቱን ሐኪም ቤት ወስዶ የሚያስተረጉም ልጅ «ምንም አልሠራሁም» ብሎ ባዶውን ይተወዋል። ክበብ ለመግባት ጊዜ ያላገኘው እኮ ቤቱን ስለያዘ ነው! ይጻፈው።

ገመናን በተመለከተ እኔ የምጠይቀው ታሪኩ የማን እንደሆነ ነው። የአባት ዕዳ፣ የእናት ሕመም፣ የወላጆች ፍቺ የልጁ ብቻ አይደለም። ያለ ፈቃዳቸው ሊያወጣው አይገባም። ቢፈቅዱለትም የችግሩ ዝርዝር ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ ቀሪው ልጁ ምን እንዳደረገ ይሁን። ውጤቱን ዝቅ ያደረገ ችግር ካለ ማመልከቻው ላይ ለብቻው የሚገለጽበት ቦታ አለ፤ የትምህርት ቤቱ አማካሪም ሊጽፍለት ይችላል። ችግር ያላየ ልጅ ደግሞ ችግር አይፍጠር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያልተሰጠውን እንደተሰጠው አድርጎ የሚታይን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ጋር አመሳስለውታል፤ ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

እዚህ ላይ ወላጆችን መንካቴ አይቀርም። ለልጃቸው በገንዘብ የሚያስጽፉ አሉ። ማስተካከል ጀምረው ሙሉውን የሚጽፉ ታላላቅ ወንድሞችም አሉ። ልጁ ማመልከቻውን ሲያስገባ ጽሑፉ የራሱ ሥራ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። ይህ ፊርማ ምስክርነት ነው። በኮምፒውተር አስተዋይ ፕሮግራም የተጻፈን ጽሑፍ እንደራስ አድርጎ ማቅረብንም ኮመን አፕሊኬሽን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከማጭበርበር ቆጥሮታል። አስተማሪ አንብቦ «ይህ አልገባኝም» ቢለው ምንም አይደለም፤ ብዕሩ ግን ከልጁ እጅ አይውጣ።

ወለድን ለሚፈሩ ቤተሰቦችም ይህ ጽሑፍ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሚሰጠው ዕርዳታ ውስጥ ብድርን በስጦታ ተክቷል። ሐርቫርድ፣ ዬልና አምኸርስትም ተቀባይነት ያገኘ ልጅ ቤተሰቡ የማይችለውን ያለ ብድር ይሸፍናሉ፤ ከውጭ አገር የሚያመለክተውንም ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አይመለከቱም። ልጁን ከወለድ ብድር ሊያድን የሚችለው በር በጣም ጠባብ ነው፤ ግን አለ። ስለዚህ ዋጋውን ብቻ አይታችሁ «ይህ ለኛ አይደለም» አትበሉት።

ማመልከቻው በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል፤ ቀደም ብለው የሚያመለክቱ ብዙውን ጊዜ እስከ ኖቬምበር 1 ያስገባሉ። ልጁ በክረምቱ የመጀመሪያውን ረቂቅ ይጻፍ፤ ለሳምንት ይተወው፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለእናቱ ያንብብላት። እንግሊዝኛው የማይገባት ከሆነ በአማርኛ ይንገራት። «ይሄ አንተን አይመስልም» ያለችውን ቦታ ያስምርበትና እንደገና ይጻፈው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።