ክዳኑስ?



ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ዓሣ ላጫውታችሁ። ብሌኒ ከሚባሉት ወገን ናት። ርዝመቷ ከ8 ሳንቲሜትር አይበልጥም፤ ቀይ ባሕር ውስጥ፣ እዚሁ ኤላት፣ በኮራሎች መካከል ትኖራለች። ከፊቷ ሰማያዊ፣ ከኋላዋ ቢጫ ናት፤ ጎኗ ላይ ጥቁር መስመር አላት። ቁርጥ እሷን የሚመስል መርዘኛ ዘመድ አላት፤ ትልቅ ዓሣ ቢጎርሰው ነክሶ ያስተፋዋል። እሷ ግን መርዝ የላትም፤ በመልኳ ብቻ ትፈራለች።

እኔም አንዲት ብሌኒ ገዛሁ። እናቴ «ዓሣ ለመብላት እንጂ ለማየት ይገዛል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከሳምንት በኋላ ግን ማለዳ ማለዳ ሰላም የምትላት እሷው ሆነች። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ደርቃ አገኘቻት። ብሌኒ እንደምትዘል አላወቅሁም፤ አኳሪየሙ ክዳን አልነበረውም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ ዓሣዋን ከመግዛታችሁ በፊት ቤቷን አዘጋጁ። ክዳን፣ መደበቂያ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ፣ 25 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ የባሕር ጨው ውኃ ያስፈልጋታል። ድንጋዩ ገብቶ፣ ፓምፑ እየሠራ ጥቂት ሳምንታት ይቆይ፤ ቆሻሻዋን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ማለት ነው። ዋና ምግቧ አልጌ ነው። ከኤላት የኮራል ጥብቅ ሥፍራ ማውጣት ግን በሕግ ክልክል ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ «ዓሣ ግዙልኝ» ካለ፣ «ክዳኑስ?» በሉት።