ስለ ጨጓራና ስለ አንጀት ዕጢ



በአገራችን የሆድ ሕመም ሦስት የተለመዱ ስሞች አሉት። በላይ በኩል ሲያቃጥል «ጨጓራ ነው» ይባላል፤ በታች በኩል ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ይባላል፤ ሆድ ሲነፋና ሲጮኽ ደግሞ «ትል ነው» ተብሎ ኮሶ ይጠጣል። እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ እውነት ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ግን ከስሙ በስተኋላ ሌላ በሽታ ተሸሽጎ ይቆያል፤ ይኸውም በምግብ መተላለፊያው አካል ላይ የሚበቅለው ዕጢ ነው።

ይህ መተላለፊያ ከጉሮሮ እስከ ፊንጢጣ ድረስ ከውስጥ በስስ ሽፋን የተለበጠ ሲሆን፣ ሽፋኑ ዘወትር እያረጀ ይታደሳል። እድሳቱ ሥርዓቱን ሲስትና ያለ ልክ ሲበዛ ዕጢ ይሆናል። ዕጢ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። በበቀለበት ቦታ ተወስኖ የሚቀር አለ፤ ጎረቤቱን አካል የሚወር፣ በደምም ተጉዞ በጉበትና በሳምባ ላይ የሚሰፍር አለ። ካንሰር የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። የወፍራም አንጀት ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው እንጉዳይ ከምትመስል ትንሽ ቡቃያ ነው፤ ቡቃያዪቱም እስክትከፋ ድረስ አሥር ዓመት ያህል ልትቆይ ትችላለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተገኘች ያለ ትልቅ ቀዶ ጥገና ተቈርጣ ትወጣለች።

እንግዲህ ምልክቶቹን እንወቅ። የጉሮሮ ቧንቧ ዕጢ በመጀመሪያ ቆሎውንና ሥጋውን፣ ቀጥሎ እንጀራውን፣ በመጨረሻም ውሃውን አላስውጥ ይላል። የጨጓራ ዕጢ በጥቂት ጉርሻ ያጠግባል፤ ያስመልሳል፤ ሰገራን እንደ ሬንጅ ያጠቁራል። የአንጀት ዕጢ ደም ያስወጣል፤ የቆየውን የሰገራ ልማድ ይለውጣል፤ ደምን ቀስ በቀስ እየጨረሰ ሰውን ያገረጣል። ያለ ምክንያት መክሳት የሁሉም የጋራ ምልክት ነው። ሆድ በድንገት ተነፍቶ ሰገራና አየር ከተከለከለ ግን በጎጃምና በጎንደር ሐኪሞች ዘንድ የታወቀው የአንጀት መጠምዘዝ፣ ወይም በዕጢ መዘጋት ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

መንስኤው ብዙ ነው። ሲጋራና ብዙ አረቄ ይጎዳሉ። እጅግ የሚያቃጥል መጠጥ መጠጣትም ለጉሮሮ ቧንቧ አያሠጋም አይባልም። አውስትራልያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴርያ አገኙ፤ ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ይህ ተሕዋስ የጨጓራ ቁስልን ያመጣል፤ ሳይታከም ሲቆይም ለጨጓራ ነቀርሳ መንገድ ይጠርጋል። ሐኪም በሚያዝዘው መድኃኒት ግን ይጠፋል።

የምርመራው ዋነኛ መሣሪያ በጫፉ መብራትና ካሜራ ያለበት ተለማጭ ቱቦ ነው፤ ከላይ የሚገባው ኢንዶስኮፕ፣ ከታች የሚገባው ኮሎኖስኮፕ ይባላል። ሐኪሙ በዚሁ ቱቦ ከዕጢው ቁራጭ ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ «ነቀርሳ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ መቁረጥ አይቻልም። በሽታው ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ደግሞ ሲቲ ስካን ያሳያል።

ሕክምናው በመጀመሪያ ቀዶ ጥገና ነው። ቴዎዶር ቢልሮት በቪየና ከተማ የታመመውን የጨጓራ ክፍል በተሳካ ቀዶ ጥገና ቈርጦ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1881 ነበር። ዛሬ በዚህ ላይ የካንሰር መድኃኒትና የጨረር ሕክምና ተጨምረዋል። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ ጅማን በመሰሉ ሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል።

አሁን በቡሬ ገጠር የሚኖረውን ገበሬ አስቡት። ደም ካየ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ቅጠል ቀብቷል። ሲብስበት ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር 170 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እስከ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። በየከተማው የሚያርፈው በማን ቤት ነው? በእናንተ፣ ደመወዝተኛ በሆነው ዘመዱ ቤት ነው። ስለዚህ የላኪው ሐኪም ቤት ወረቀትና የጤና መድን ደብተሩ ከእጁ እንዳይለዩ አሳስቡት። የላቦራቶሪውን ውጤት አንብባችሁ አስረዱት፤ ቀጠሮውን ጻፉለት። «እስከ መኸር ይቆይ» ቢል አትስሙት፤ መኸሩን የሚሰበስብ ጎረቤት አይጠፋም።

ለራሳችሁም እንዲሁ አድርጉ። የቢሮ ሥራ በዝቶብኛል እያሉ ከመድኃኒት ቤት የቃር ክኒን እየገዙ ወራት ማሳለፍ ምልክቱን ይሸፍነዋል እንጂ በሽታውን አያድነውም። ጠበል መጠመቅና መመርመርም አይጣሉም፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይደርሳሉ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስለ ሰገራ መናገር ያሳፍራል ብለን የምንሸሽገውን ነገር ሐኪሙ በየቀኑ ይሰማዋል፤ ለእርሱ አዲስ አይደለም። ስሙን እርሱ እስኪሰጠው ድረስ እኛ አንሰይመው።