ከፈረስ አፍ ላይ አንንጠልጠል
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስም የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ውኃ ቧንቧ ወይም ስለ ቆሻሻ ገንዳ ሳይሆን ስለ ፈረስ ነው። «ይኸ ደግሞ የማኅበር ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ነው። እሑድ እሑድ ፈረስ ላይ ለመውጣት የሚሰለፉት ልጆቻችን ናቸው፤ የሚወድቁትም እነሱው ናቸው። ፈረሶቹም የሚያድሩት በእኛው አጥር ጥግ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

እንደሚታወቀው፣ አሁን ያለው አሠራር ሒሳቡ በዙር ነው። ልጁ ይወጣል፤ ዛቡን ያስጨብጡታል፤ ፈረሱ ከኋላ በአለንጋ ይነካል፤ ሜዳውን ዞሮ ሲመለስ ሌላው ይተካል። በዚህ መካከል የሚያስተምር ሰው የለም። ልጁ ሲንገዳገድ ሌላ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ዛቡን ጨምድዶ ይጎትታል። ዛቡ ደግሞ የተያያዘው ከልጓሙ ብረት ጋር ነው። ብረቱ የሚያርፈው በፈረሱ የፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርሱ መካከል፣ ጥርስ በሌለበት ድድ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ቆዳው ስስ ነው፤ ከሥሩ ወዲያው አጥንት ነው። እስቲ እናስበው፤ የሚወድቅ ልጅ ሙሉ ክብደቱን ይዞ በዚያች ድድ ላይ ሲንጠለጠል! ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ሲወረውር፣ አፉን ሲከፍት፣ ጭራውን ሲያወናጭፍ «ተንኮለኛ ነው» እንላለን። ተንኮል አይደለም እኮ፤ ብዙውን ጊዜ ሕመም ነው። ያመመው ፈረስ ይደነብራል፤ የደነበረ ፈረስ ደግሞ ልጅ ይጥላል። የፈረሱ ጉዳትና የልጁ ጉዳት አንድ ገመድ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ይህን ነገር ሰዎች ካወቁት ዘመናት አልፈዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ዜኖፎን የተባለ የግሪክ ወታደርና ጸሐፊ ስለ ፈረስ አያያዝ መጽሐፍ ጽፏል። የትምህርቱ ፍሬ ነገር፣ ወደ ፈረስ በቁጣ መቅረብ እንደማይገባና በግድ የተሠራ ሥራ ውበት እንደሌለው ነው። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ደግሞ የስፔይን የግልቢያ ትምህርት ቤት የሚባል አለ፤ ስሙን ያገኘው የፈረሶቹ ዘር ከስፔይን ስለመጣ ነው። ታሪኩ እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ ይመለሳል፤ ዩኔስኮም በ2015 እ.ኤ.አ. የግልቢያ ጥበቡን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ከዚያ ትምህርት ቤት የምንወስደው ቁም ነገር ቀላል ነው። አዲስ ተማሪ በመጀመሪያ ዛብ አይሰጠውም፤ እርካብም አይሰጠውም። አስተማሪው መሐል ቆሞ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ በክብ ያዞረዋል፤ ተማሪው ኮርቻ ላይ ሆኖ አቀማመጡንና ሚዛኑን ብቻ ይማራል። ይህም ወራት የሚፈጅ እንጂ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። አዲስ ሰው የሚማረው በሠለጠነ ፈረስ ላይ ነው፤ አዲስ ፈረስ ደግሞ የሚገራው በሠለጠነ ሰው ነው። ሁለቱም አላዋቂ ሆነው አይገናኙም። በእኛ ሜዳ ግን የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ ሁለት አላዋቂዎች ናቸው።

ትምህርቱ አንድ ለአንድ የሚሆንበትም ምክንያት አለው። አንዱ ልጅ ፈሪ ነው፤ ጉልበቱን አጥብቆ ይደርቃል። ሌላው ችኩል ነው፤ ገና ሳይቀመጥ ተረከዙን ይመታል። ለአንዱ የሚነገረው ለሌላው አይሆንም። ፈረሶቹም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ በትንሽ ንክኪ ይሄዳል፣ አንዱ ጊዜ ይፈልጋል። አሥር ልጅ አሰልፎ ለሁሉም አንድ ቃል መጮህ ማስተማር አይባልም።

«ይኸ የፈረንጅ ወግ ነው፤ እኛ የፈረስ አገር ሰዎች ነን» ለምትሉን መልስ አለን። እውነት ነው፤ የፈረስ አገር ሰዎች ነን። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያከብራል። ነገር ግን የጉግስ ተጫዋችን እናስተውል። አንድ እጁ ዘንግ ይወረውራል፤ ሌላው ጋሻና ዛብ ይዟል። እንግዲህ ሚዛኑን የሚጠብቀው በምኑ ነው? በአቀማመጡና በእግሩ ነው። በፈረሱ አፍ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ጉግስ መጫወት አይችልም። ስለዚህ ዕውቀቱ ከእኛም ዘንድ የነበረና ያለ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባል የለ? መቀመጡን መማር የእኛው ፋንታ ነው።

ፈረስ የምታከራዩ ልጆቻችን፣ እንጀራችሁ መሆኑን እናውቃለን። ገበያችሁን ለመዝጋት አልተነሣንም። ነገር ግን ጀርባው የቆሰለ ፈረስ እስኪድን ድረስ ቆሞ ይበላል እንጂ አያበላም። ስለሆነም ጥምቀት ደርሶ ሁሉም በሽምጥ ልጋልብ ከማለቱ በፊት የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ/ ሒሳቡ በዙር መሆኑ ቀርቶ በግማሽ ሰዓት ይሁን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ፣ አንድ ፈረስ፣ አንድ አስተማሪ። ወላጆችም ለትምህርቱ ከዙር የተሻለ ዋጋ እንክፈል።

2ኛ/ ጀማሪ በገመድ ይማር፤ ዛብ የሚይዘው ሳይንገዳገድ መቀመጥ ሲችል ብቻ ነው። ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ በተራ ይሁን።

3ኛ/ ሰውየውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት ከአንድ አምስተኛ እንዳይበልጡ ይመከራል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 50 ኪሎ ነው። በአንድ ፈረስ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ፎቶግራፍ መነሣት ይቅር።

4ኛ/ ከመጫኑ በፊት ጀርባውና አፉ ይታይ፤ ቁስል ካለ ፈረሱ ይረፍ። ውኃ ይቅረብለት።

5ኛ/ ፈረስ በቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም፤ ልጆች እየተናገሩ በትከሻው በኩል ይቅረቡ። የራስ ቁርና ተረከዝ ያለው ጫማ ያድርጉ፤ ዛብ በእጃቸው ላይ አይጠምጥሙ።

ማኅበራችን ረጅም ገመድ አዘጋጅቷል። በወጣትነታቸው ጉግስ ይጫወቱ የነበሩ አንድ የሠፈራችን አባት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለማስተማር ፈቃደኛ ሆነዋል። ሴቶች ልጆችም እንዲመዘገቡ አጥብቀን እንጠይቃለን፤ የቪየናው ትምህርት ቤት እንኳ ሴቶችን ለፈረሰኛነት መቀበል የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ያን ያህል አንዘግይ። ምዝገባው በጽሕፈት ቤታችን ነው፤ ልጁ ከወላጁ ጋር ይምጣ። የፈረስ ባለቤቶችም በዚያው ዕለት ፈረሶቻችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ የትኛው ረጋ ያለና ለጀማሪ የሚሆን እንደሆነ አብረን እንመርጣለን።