ስለ ምጣድ ንጽሕናና አያያዝ የተደረገ ንግግር



በትምህርት ቤት ስለ ንጽሕና የምናስተምረው ቃል መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ የእናቱ ምጣድ ጥቁረት እድፍ መስሎት በሳሙናና በአሸዋ ቢፈገፍገው፥ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ይጠፋል። እናቲቱም ትምህርቱን ትነቅፋለች፤ ብትነቅፍም አይፈረድባትም።

በሸክላው ላይ የሚታየው ጥቁር ወዝ እድፍ አይደለም። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ የተደቆሰ የጎመን ዘር በጋለው ሸክላ ላይ ደጋግሞ ይታሻል። ከዘሩ የሚወጣው ዘይት በእሳቱ ግለትና በአየር ምክንያት እርስ በርሱ ተያይዞ ይደርቅና እንደ ቀጭን ቆዳ ሆኖ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሣው ስለዚህ ነው። ሳሙናና አሸዋ ይህን ቆዳ ይገፍፉታል፤ ውሃም ወደ ሸክላው ይሰርጋል። ሳይደርቅ እሳት ቢነድበት፥ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲፈልግ ምጣዱን ይሰነጥቀዋል። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም እንዲሁ ያደርገዋል።

እንግዲህ ማጽዳቱ እንዴት ነው ቢሉ፥ እንጀራ በወጣ ቁጥር ፍርፋሪውን በደረቅ ማሰሻ መጥረግ፥ ጥቂት የጎመን ዘር ነስንሶም ማሰስ ነው። ተጣብቆ ያረረ ሊጥ ቢኖር በእንጨት ይፋቃል እንጂ በቢላዋ አይነካም። ወዙ የተገፈፈ እንደ ሆነ ግን እንደ አዲስ ማሟሸት ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ከከተማ የመጣ ቅብ ያለበት የብረት መጥበሻም በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ቢታጠብ አይከፋም፤ በሽቦ ቢፈገፈግ ግን ቅቡ ተልጦ ብረቱ ይዝጋል።

ሳሙናውን የሚሻ ማሰሻው ነው። ከምጣዱ ይልቅ እድፍ የሚይዝ እርሱ ነውና፥ ልጆቹ እርሱን አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡት።