ስሙ በሽፋኑ ጀርባ የቀረ ባንድ፦ ስለ አይቤክስና ስለ ሮሃ ባንድ የአልበም ዝርዝር
(ሆሳዕና ላይ የቀረበ የሕዝብ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ባንድ የአልበም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን በእጄ የለም። የመጣሁት ለምን እንደሌለና አለመኖሩ ምን እንዳሳጣን ላስረዳችሁ ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ፤ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ራሱ የችግሩ አካል ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ከሩቅ አገር አንድ ማነጻጸሪያ ላምጣ። በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ በ1968 የተመሠረተ ረሽ የሚባል የሮክ ባንድ ነበር። ድምፁ ኃይለኛ፣ ቅንብሩ ረጅምና ውስብስብ ሆኖ ባለሙያዎች ፕሮግሬሲቭ ሮክ ከሚሉት ወገን የሚመደብ ነው። ባንዱ ከ1974 እስከ 2012 ድረስ 19 የስቱዲዮ አልበሞችን አውጥቷል። ማንኛውም ወዳጁ እነዚህን በቅደም ተከተል ይቆጥርላችኋል፤ ከቆጠረም በኋላ የትኛው እንደሚበልጥ ሲከራከር ያመሻል። ዝርዝሩ የተመራማሪ ያህል ያገለግላል። በ1975 የወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ገበያ አጣ። አሳታሚው ኩባንያ አጠር ያሉ፣ ለሬዲዮ የሚመቹ ዘፈኖችን እንዲሠሩ ገፋፋቸው። እነርሱ ግን በ1976 «2112» የተባለውን አልበም ይዘው ቀረቡ፤ የሸክላው አንዱ ገጽ 20 ደቂቃ በሚፈጅ አንድ ሥራ ብቻ የተያዘ ነበር። ባንዱን ከመፍረስ ያዳነውም ያ አልበም ሆነ። አልበሞቹን በየዓመታቸው የደረደረ ሰው «ከኪሳራ በኋላ ሥራቸውን ከማሳጠር ይልቅ ለምን አስረዘሙት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውን የሚያስነሣው ዝርዝሩ ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ለተማሪዎቼ «የሮሃ ባንድን አልበሞች ዘርዝሩልኝ» ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ዝምታ ይሆናል። ቀጥሎ አንዱ የማህሙድ አህመድን፣ ሌላው የነዋይ ደበበን፣ ሦስተኛው የኤፍሬም ታምሩን ዘፈን ያነሣል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ግን ሦስቱም የጠሩት ድምፃዊ እንጂ ባንዱን አይደለም። ሮሃ ከ200 በላይ አልበሞችን እንዳጀበ በተደጋጋሚ ይነገራል፤ 250 የሚሉም አሉ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ቆጥሮ ያሳየኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በኢትዮጵያ ብዙ አልበም ሠርተዋል ከሚባሉት ቀዳሚ የሆነው ባንድ፣ በራሱ ስም የሚጠራ አልበም ሲፈለግለት በጣት የሚቆጠር ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? ታሪኩ ከሮሃ በፊት ይጀምራል። በ1970ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ አይቤክስ የሚባል ባንድ ነበር፤ ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ወልደማርያምና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ከዋና ምሰሶዎቹ መካከል ናቸው። እግረ መንገዴን አንድ የሚያስቅ ነገር ላንሣ። አይቤክስ የሚለው እንግሊዝኛ ቃል ዋልያ ማለት ነው። በዚያው ዘመን በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ተፎካካሪ ባንድ ደግሞ ዋሊያስ ይባል ነበር። ሁለት ባንዶች በአንድ እንስሳ ስም፣ በሁለት ቋንቋ! የውጭ አገር ሰብሳቢ ቢደናገር አይፈረድበትም። ከዚያም በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ገደማ አይቤክስ ሮሃ ሆነ። ሮሃ የላሊበላ የቀድሞ ስም ነው። እኛ በዚህች ከተማ የስም ለውጥን ነገር ከማንም በተሻለ እናውቃለን፤ ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ነበረች፤ የድሮ ስሟን ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ተሸክሞላታል። የአይቤክስን ስም የሚሸከምለት ግን አላገኘም። «አይቤክስ» እና «ሮሃ» በሁለት የተለያዩ መስመሮች ከተመዘገቡ የአንድ ጉዞ ታሪክ ለሁለት ይቆረጣል።

አንድ አልበም ወስደን እንመልከት። «እረ መላ መላ» የማህሙድ አህመድ ሥራ መሆኑን የማያውቅ የለም። በ1975 በካይፋ አሳታሚነት የወጣ፣ አጃቢውም አይቤክስ ባንድ የሆነ ነው። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጂየም ኩባንያ ለአውሮፓ አድማጭ አሳተመው፤ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱም ሆነ። በኋላም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውስጥ 7ኛው ቅጽ የማህሙድ ሆነና በዚሁ ርዕስ ወጣ። በሦስቱም ጊዜ በፊት ሽፋኑ ላይ የነገሠው ድምፃዊው ነው። ማህሙድ ይህ ክብር አይገባውም የሚል ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። ነገር ግን ጆሯችሁን ከድምፁ ላይ ለአንድ አፍታ አንሥታችሁ ከሥር ያለውን አድምጡ። ቤዝ ጊታሩ ክብ እየሠራ ይመላለሳል፤ ሳክስፎኑ በድምፃዊው ትንፋሽ መካከል ገብቶ ይመልሳል፤ ጊታሩ አጠር አጠር እያደረገ ይቆርጣል። ያ ሥራ የተገነባው በእነዚህ እጆች ነው። የቤቱን ባለቤት ስም እናውቃለን፤ የግንበኞቹን ግን አንጠይቅም።

አይቤክሶች ራሳቸው ይህንን ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። በ1976 በራስ ሆቴል የተቀዳ፣ ድምፃዊ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሥራ አላቸው። ስሙ በቀላሉ «ስቴሪዮ ኢንስትሩሜንታል ሙዚክ» ነው። ርዕሱ የመጋዘን ዕቃ ስም ይመስላል፤ እኔ ግን እንደ አቤቱታ ነው የማነበው። ዋሊያሶችም በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም በራሳቸው ስም አሳተሙ፤ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፉበት ነው። ሁለቱም አልበሞች በሰዓት እላፊው ዘመን የተሠሩ ናቸው። አድማጩ ሲመሽ ሆቴል ገብቶ፣ እላፊው እስኪነሣ እዚያው እያደረ ያደምጥ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ባንድ ዘፋኙ ሲያርፍ ዝም ማለት አይችልም። የመሣሪያ ሙዚቃው ርዝመት በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ካሴት መጣ፤ ሸክላም ቀረ። የካሴት ሽፋን ምን እንደሚመስል ለወጣቶቹ ልግለጽ። ከፊት የድምፃዊው ፎቶግራፍና ስም፣ ከሥሩ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ስም። በውስጠኛው እጥፋት የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ ከዚያም በደቃቅ ፊደል ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ አጃቢ ባንድ። አንዳንዴ «ሮሃ ባንድ» የሚል አንድ መስመር ብቻ፤ የተጫዋቾቹ ስም አንድም ሳይጻፍ። የእኛ የሙዚቃ ታሪክ መዝገብ ይህች እጥፋት ናት። ዓመተ ምሕረት ከተጻፈባትም በእኛ አቆጣጠር ነው፤ «1970» የሚለውን ያየ የውጭ አገር ሻጭ እንዳለ ይገለብጠውና ካሴቱ በሰባትና በስምንት ዓመት ያረጃል። ከአይቤክስ መመሥረት በፊት የተቀዳ የአይቤክስ ሙዚቃ የሚገኘው እንዲህ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ልጅ ሳለሁ አክስቴ እዚሁ ከተማ ሻይ ቤት ነበራት። ከቴፑ አጠገብ በካርቶን የተደረደሩ ካሴቶች ነበሩ፤ የፕላስቲክ ቤታቸው ተሰነጣጥቆ፣ ወረቀታቸው ሻይ ጠጥቶ። አንድ ክረምት ካሴቶቹን የማስተካከል ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። የተበላሹትን ወረቀቶች ሁሉ አውጥቼ እሳት ውስጥ ጨመርኩ፤ በምትካቸው በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ የዘፋኙን ስም ጻፍኩ። «ማህሙድ»፣ «ነዋይ»፣ «ኤፍሬም»። አክስቴ መረቀችኝ። ያቃጠልኩት ምን እንደነበር የገባኝ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ የአጃቢ ስም ስፈልግ ነው። በየቤቱ እንደ እኔ ያለ ታታሪ ልጅ እንደነበረ አልጠራጠርም።

ወረቀቱ ሲተርፍ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። የዋሊያሱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ለብቻው አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። የድሮ ካሴቶችን የሚያሰባስብ አንድ አሜሪካዊ ይህንኑ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ ካሴት ቤት ገዛው፤ የሠራው ሰው ስም ሽፋኑ ላይ ስለነበረ ባለቤቱን አፈላልጎ አገኘው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ያ ካሴት በአክስቴ ካርቶን ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ዘፋኝ ስለሌለው፣ እኔ በፕላስተሩ ላይ ምን እጽፍ ነበር?

ነገሩ የትዝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ለከዋኞች መብት ይሰጣል፤ ከዋኝ የሚለው ቃል ድምፃዊውን ብቻ ሳይሆን ሙዚቃ ተጫዋቹንም ያቅፋል። ነገር ግን መብት የሚጠየቀው በስም ነው። ቤዙን ማን እንደተጫወተ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ሕጉ የሚያከብረውን ሰው አያገኘውም። የሕግ ተማሪዎች በአዳራሹ ካላችሁ ይህ የእናንተ ርዕስ ነው፤ የሙዚቃ ሰዎች ብቻቸውን አይወጡትም።

ለታሪክ ተማሪዎችም የሚሆን አለ። በ1980ዎቹ የነፋስ መሣሪያዎች እየቀነሱ ኪቦርድ ቦታቸውን እየወሰደ እንደሄደ ማንም ሰሚ ያውቃል። መቼ፣ በየትኛው ሥራ፣ በማን ውሳኔ? የገንዘብ ጉዳይ ነበር ወይስ የጣዕም? የሮሃ ሥራዎች በቅደም ተከተል ቢደረደሩ መልሱ በአብዛኛው እዚያ ይገኛል፤ አንድ ባንድ በብዙ ድምፃውያን ሥር ስላለፈ ድምፃዊው ሲለዋወጥ ያልተለወጠውን ለይቶ መስማት ይቻላልና። ሰላም ሥዩም ራሱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ የመመረቂያ ጽሑፉን በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥ ላይ ሠርቷል። ጊታሪስቱ ጊታሩን አስቀምጦ ብዕር ማንሣቱ ይገርመኛል፤ ሌላ የሚጽፍለት እንደሌለ ቀድሞ ያወቀ ይመስላል።

ዛሬ ነገሩ በከፊል ተለውጧል። በ2012 ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ» የተባለ የሮክ አልበም ሲያወጣ፣ ድምፃውያን በውስጡ እያሉ፣ ሽፋኑ ላይ የቀረበው ባንዱ ነው። ሙዚቃውን ሁሉም አልወደደውም፤ እኔም ከፊሉ ይጮህብኛል። ሆኖም የጃኖን ሥራዎች የሚዘረዝር ሰው መዘርዘር ይችላል።

አገር ያወቀው ሮሃ እንዲህ ከሆነ፣ በሀዲይሳና በከምባትኛ የተዘፈኑት ካሴቶቻችን እንዴት ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቱ። በጥቂት ቅጂ ተባዝተው፣ በሆሳዕናና በዱራሜ ገበያ ተሽጠው፣ በሠርግ ቤት ተደምጠው ያለቁ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ኪቦርድ የተጫወተውን ልጅ ዛሬ ጎረቤታችን ሆኖ ልናገኘው እንችላለን፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ማንን እንጠይቃለን?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ቤታችሁ ካሴት ካለ ሽፋኑን ዘርግታችሁ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶግራፍ አንሡ። ካሴቱ ላይ የተለጠፈውንም አትርሱ፤ አንዳንዴ ሽፋኑ የሚለውና እርሱ የሚለው አይገጥምም። ዓመተ ምሕረቱን እንደተጻፈ ገልብጡ፤ አትለውጡት። የአጃቢው ስም ካልተጻፈ «አልተጻፈም» በሉ እንጂ በግምት አትሙሉት። በጆሯችሁ የለያችሁት ካለ ለብቻው፣ ከስማችሁ ጋር ይመዝገብ።

ከአክስቴ ካርቶን አሥራ አንዱ ካሴት ዛሬም በእጄ ነው፤ ፕላስተሩም አልተላጠም። ሁለቱን ይዣቸው መጥቻለሁ። አንዱ ላይ «ነዋይ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሌላው ላይ ግን ዝናብ ገብቶበት ጽሑፉ ጠፍቷል። ከዚህኛው እንጀምር። ቴፑን የያዝክ ልጅ፣ እባክህ ከመጀመሪያው መልሰው፤ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት ያለውን ብቻ ነው የምናደምጠው። ጊታሩን የሚያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።