«እርጅና ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በቅድሚያ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም ስለመጣችሁ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። በእነዚህ 10 ዓመታት ለሐዘንተኛ አዋጥተናል፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ሸኝተናል፣ ልጆቻችንን ፊደል አስቆጥረናል። አንድ ነገር ግን በየቤታችን ደብቀን ይዘናል፤ እሱም የወላጆቻችን የመርሳት ችግር ነው።

እናታችን ምድጃ ለኩሰው ሲረሱ፣ አባታችን ለዓመታት የሚያውቁት መንገድ ሲጠፋባቸው «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። የሰው ስም ጠፍቶ ቆይቶ ቢመጣ የዕድሜ ነው። የዕለት ኑሮን የሚያውክ መርሳት ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከአባሎቻችን አንዷ እናቷን ሐኪም ዘንድ የወሰደችው በፈረንጆች አፕሪል 16 ቀን 2024 ነበር። እናትየዋ ቀኑን ሲጠየቁ «ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016» አሉ። አልተሳሳቱም፤ አስተርጓሚው ግን ቃል በቃል ስለተረጎመው ስሕተት ተብሎ ተመዘገበ። የሰዓት ሥዕሉም እንደዚሁ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ የእኛ 11 ሰዓት ደግሞ የፈረንጁ 5 ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት ላልገባ አዛውንት እርሳስ መያዙ ራሱ ፈተና ነው።

ልጅየዋ አስረድታ ነጥቡ ተስተካከለ። ይሁን እንጂ እናትየዋ ቀደም ብለው ከተነገሯቸው ሦስት ቃላት አንዱንም አላስታወሱም። የቀን አቆጣጠራችን ያለ በሽታ በሽተኛ ሊያስብለን ይችላል፤ እሱን ማስተካከላችን ደግሞ እውነተኛውን ችግር እንዳይሸፍንብን እንጠንቀቅ።

የቤተሰብ ሐኪም በቅድሚያ ሊታከሙ የሚችሉትን ምክንያቶች ይፈልጋል። እነዚህም የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ መታወክ፣ ድብርት፣ የመስማት ችግር፣ እንዲሁም እንደ ቤናድሪል ያሉ ያለ ትእዛዝ የሚሸጡ መድኃኒቶች ናቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መዘባረቅ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ።

አልዛይመር ሆኖ ከተገኘ እስከ ዛሬ የሚያድን መድኃኒት የለም። በ1996 የተፈቀደው ዶኔፔዚል ምልክቱን ለጊዜው ሊያረጋጋ ይችላል። በ2023 ሌካኔማብ፣ በ2024 ዶናኔማብ ተፈቅደዋል፤ የበሽታውን ጉዞ በመጠኑ ያዘገያሉ። የአእምሮ እብጠትና መድማት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ በኤምአርአይ ክትትል ይሰጣሉ፤ የሚሰጡትም በሽታው ገና ሲጀምር ብቻ ነው። እንግዲህ ደብቀን የምናሳልፈው ጊዜ ዋጋ እንዳለው ልብ እንበል።

ስለዚህ አራት ነገር እናሳስባለን።

1ኛ፦ ሜዲኬር በየዓመቱ የሚከፍልበት የጤና ምርመራ የማስታወስ ችሎታን ማየትንም ይጨምራል፤ ቀጠሮ እንያዝ።

2ኛ፦ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማግኘት በሕግ የተሰጠ መብት ነው። ልጅ ሲያስተረጉም ይሉኝታ ይገባና ስሕተቱን ያለሳልሳል።

3ኛ፦ ያየነውን ለውጥ ከነቀኑ ጽፈን፣ መድኃኒቶቹን ሁሉ በከረጢት ይዘን እንሂድ።

4ኛ፦ ወላጆቻችን ሐሳባቸውን መግለጽ በሚችሉበት ጊዜ ስለ ውክልናና ስለ ፍላጎታቸው እንጠይቃቸው።

ወላጆቻችን የእኛን ልጆች ለማሳደግ አገራቸውን ትተው መጥተዋል። ስማችንን ቢረሱ እንኳ እኛ ማንነታቸውን አንርሳ።